ባለ ሦስት ፋን ሠርግ

ሠርግ የሚደገሰው ለሙሽሮች ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ወደ እኔ ቪዲዮ ቤት ላኩልኝ፤ ላየው እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ የዋህ ከጠፋ ቆይቷል! እኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከካሜራ ጀርባ ቆሜ ስንቱን ሙሽራ ሸኘሁት… ሙሽሮቹ ያን ቀን እህል ይቅመሱ አይቅመሱ እንኳ አያውቁም። ሠርግ የሚደገሰው ለእናቶች ነው። የሙሽሪት እናት ለሙሽራው እናት፣ የሙሽራው እናት ለሙሽሪት እናት የሚያሳዩት የጦር ሰልፍ ነው። ልጆቹ ሰበብ ናቸው። ቪዲዮው ደግሞ ማን እንዳሸነፈ የሚታይበት ማስረጃ ነው።

“ታዲያ በእናቶች ጦርነት ውስጥ ያንተን ኮምፒዩተር ምን ጥልቅ አደረገው?” አትሉኝም? ልንገራችሁ።

የጥር ሠርግ ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደር ውስጥ ክላክስ የማይነፋ መኪና ካያችሁ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ሹፌሩ አልተጋበዘም። በዚያ ሰሞን እትዬ የሺ ሴት ልጃቸውን ዳሩ። እትዬ የሺን ለማታውቁ፣ አራዳ ገበያ የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ፣ በከተማው ውስጥ የማን ድግስ ላይ ወጡ እንደቀጠነ ከነዓመቱ የሚያስታውሱ ትልቅ ሴት ናቸው። የሠርጋቸውን ቪዲዮ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ውላችን አንድ ነው፤ ቪዲዮው ለቅበላ እሑድ ይድረስ። ዐቢይ ጾም ከገባ ዘመድ ጠርቶ ሥጋ እያበሉ ማሳየት አይቻልማ! በሽሮ የታየ የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ማን ያስታውሰዋል?

በዚያ ላይ የሙሽራው ወገን ለብቻው ሌላ ቪዲዮ ቤት ቀጥሮ አስነሥቷል። ያውም ከእኔ ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን! እነሱ ቀድመው ካሳዩ እትዬ የሺ አለቁ፤ እትዬ የሺ ካለቁ እኔም አብሬ አለቅሁ። ሴትዮዋ አንድ ቀን ቅመም እየሰፈሩ “ያ ደምሴ የሚሉት ልጅ አጉል ነው” ካሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወለቃ ወርጄ የሸክላ አንበሳ ፎቶ ከማንሣት ሌላ ሥራ አይኖረኝም።

ማቀናበር ስጀምር እትዬ የሺ ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። “ልጄ በግንቡ መስኮት ብቅ ትበል” አሉ። ብቅ አለች። “ደመና ላይ ትቀመጥ” አሉ። ተቀመጠች። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደል። የጎንደር ሙሽራ በነገሥታቱ መስኮት ብቅ ብላ ደመና ላይ ካልተቀመጠች ያገባች አይመስላትም። ነገር የመጣው ወይዘሮ አትጠገብ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ነው።

ወይዘሮ አትጠገብ የሙሽራው እናት ናቸው። የዳባት ሰው ናቸው፤ እስክስታን ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የጠቡት። በእትዬ የሺ ድግስ፣ በእትዬ የሺ ዳስ ውስጥ፣ መሐል ገብተው ትከሻቸውን አንድ ጊዜ ቢያንቀጠቅጡት ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። የእትዬ የሺ የገዛ እህታቸው እንኳ ሮጠው ሽልማት ግንባራቸው ላይ ለጠፉላቸው። እኔም ካሜራዬን አንሥቼ ሌላ ወዴት ላዙር? ቀረጽኳቸው።

“ይቺን…” አሉ እትዬ የሺ ስክሪኑን በጣታቸው እየወጉ።

“ላውጣቸው?”

“በስመ አብ! ምነው፣ ምን ያለ ነውር ነው የምታወራው? የልጄ አማት አይደለችም እንዴ! አውጣት ማን አለህ? አክብራት ነው ያልኩህ። አበባ አልብሳት።”

“አበባ?”

“አዎ፣ ጽጌረዳ። ከላይ ይዝነብባት።”

ዘነበባቸው። “ፊቷ ይታያል” አሉ። ጨመርኩ። “ኧረ ትከሻዋ ነው ይበልጥ የሚታየው!” አሉ። ደግሜ ጨመርኩ። እርግብ አስገባ፣ ልብ አስገባ፣ ኮከብ በትንበት፣ ቀስ አድርገህ አጫውተው… በመጨረሻ ከወይዘሮ አትጠገብ የቀረ ነገር የለም። የሚታየው አንድ የሚንቀጠቀጥ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ብቻ ነው።

“አሁን ሸጋ ሆነች” አሉ እትዬ የሺ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

እኛ እንዲህ ነን። ጨዋ ሰው ጠላቱን አይሰድብም፤ ያከብረዋል። አክብሮ አክብሮ ይቀብረዋል!

ከዚያ ማሽኑ ሁሉን አጣምሮ አንድ ፊልም እንዲያደርግልኝ አዘዝኩት። ጥሎሹን አለፈ፣ ሚዜዎቹን አለፈ፣ ግንቡን አለፈ… ወይዘሮ አትጠገብ ጋ ሲደርስ ድርግም! ጠፋ። አስነሣሁት። እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ድርግም! በሦስተኛው ሣጥኑን ከፍቼ አየሁ። ግራፊክስ ካርድ የምትባል፣ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ተጋድማ ሥዕል የምታንቀሳቅስ ሰሌዳ አለች። ነካ ባደርጋት እንደ ካውያ ለበለበችኝ። ላይዋ ላይ ያለችው ፋን አርጅታ፣ በአቧራ ታፍና፣ እያቃሰተች ነው የምትዞረው። አበባው ሲበዛባት ትሞቃለች፤ ስትሞቅ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

አሁን ብልህ አንባቢ ምን ይላል? “ታዲያ አበባውን አትቀንሰውም?” ይለኛል። ብልህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ እትዬ የሺን አታውቃቸውም! ልጅ ድረው በኮሩ ትልቅ ሴት ፊት ቆሜ “ማሽኔን ያቃጠለው የእርስዎ ቅናት ነው” ልበላቸው? ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል። ዋጥ አደረግኩና “እትዬ፣ ማሽኑ አዲስ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል” አልኩ። እኔ እንደማውቀው ለሰው ቅናት ማቀዝቀዣ ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማቀዝቀዣውን ለመምረጥ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጎንደር ላይ ሲነግድ የኖረ ቤት ልጅ ናቸው፤ ከወፍጮ ቺንጋ እስከ ኮምፒዩተር እቃ የማይገኝ ነገር የላቸውም። የወንድማቸው ልጅ ሰዒድ እቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄዷል፤ ሊመለስ ነው። ምክር ይሆነኛል ብዬ ጌቾን ይዤው ሄድኩ። ጌቾ ጓደኛዬ ነው፤ ኮምፒዩተር ያስተምራል። የሚያውቀውን በአማርኛ ይናገራል፣ የማያውቀውን በእንግሊዝኛ። ያን ቀን አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ነበር።

ሰዒድ የሦስት ዓይነት ማቀዝቀዣ ፎቶ ልኮ ሐጂ ስልክ ላይ አየናቸው። አንደኛዋ ባለ አንድ ፋን፣ ትንሽ። ሁለተኛው ከመዳብ ቱቦ ጋር የተቆላለፈ፣ ባለ ሦስት ፋን ግዙፍ። ሦስተኛው በቀጭን ቧንቧ ውሃ እያዞረ የሚያቀዘቅዝ።

“ውሃው ነው!” አለ ጌቾ ጠረጴዛውን መትቶ። “አለቀ! ዓለም ወደ ውሃ ሄዷል።”

“ዓለም ውሃ አለው” አሉ ሐጂ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ሰፈር ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሚሮጥበት ጊዜ ነበር። “ውሃው ነው!” የሚለውን ጌቾ መንገድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ባይደግመው መልካም ነበር። ቪዲዮ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ደርሶ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ፣ ጀሪካኗን እንደያዘች ደጃፌ ላይ ቆማለች።

“ደምሴ፣ እውነት ነው? እኛ ልጅ የምናጥብበት አጥተን አንተ ለኮምፒዩተር ቧንቧ ልትዘረጋ?”

“ኧረ እቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው! ከዚያ በኋላ እዚያው ውስጥ ይዞራል።”

“እኛም እኮ አንድ ጊዜ ነው የሞላነው” አለችና ጀሪካኗን ደጄ ላይ ድፍት አድርጋ ቁጭ አለች። የውሃው ነገር እዚያ ላይ አበቃ። ውሃ ከሚጠጣ ኮምፒዩተር ጋር በአንድ ግቢ መኖር የሚችል ጎንደሬ ገና አልተወለደም።

ሐጂ ዘንድ ተመለስኩ። “ትንሿን ውሰድ” አሉኝ። “ድምጿ ከፍ ይላል እንጂ ሥራዋን ትሠራለች፤ ሣጥንህ ውስጥም ትገባለች።” ደስ አለኝ። ነገሩ ቀለለ። ጌቾ እንኳ ሳይወድ በግዱ ተስማማ። እንግዲህ ልንደውል ስንል… እትዬ የሺ ገቡ!

“ማዶዎቹ ምን ገዙ?” አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያደርሱ።

“እነሱም የሆነ ነገር ቀይረዋል ይባላል” አልኩ።

“ባለ ስንት ፋን?”

“ሁለት… መሰለኝ።”

“የእኛስ?”

ሐጂ የሌለ አቧራ ከመስታወቱ ላይ ይጠርጉ ጀመር። ጌቾ ብቻ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅምና፣ “አንድ” አለ።

“አንድ?” አሉ እትዬ የሺ። “ጥሎሽ ሲያመጡ አንድ በአንድ ዘርግቼ፣ ሻሹን ከነክሩ መርምሬ ነው የተቀበልኳቸው። ልጄን ስድር ያልተበለጥኩ፣ ዛሬ በፋን ልበለጥ? ሐጂ፣ ባለ ሦስቱን ይዘዙልኝ!”

“እትዬ፣ ፋን እኮ በቁጥር አይደለም፣ በልክ ነው” አለ ጌቾ። በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣ አንድ ደህና ቃል ቢኖር ይህ ነው።

“አንተ ዝም በል! መጀመሪያ አግባና ከዚያ ትመክራለህ።”

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ማዶዎቹ በእርግጥ ፋን ይግዙ አይግዙ ያየ ሰው እንኳ አልነበረም!

ለሰዒድ ተደወለ። “ርዝመቱ ስንት ድረስ ይሁን?” ሲል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጌቾ ሜትር ሊያመጣ ተነሣ። እትዬ የሺ በእጃቸው መልሰው አስቀመጡት።

“ለዚች ለዚች ደግሞ ሜትር! ስንዝር የለም እንዴ? ያንን ሁሉ ግንብ ያቆሙት ሜትር ይዘው ነው?”

እኔም ነገሩ ደስ አለኝ መሰል፣ እየሮጥኩ ሄጄ እጄን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ለካሁ። ስንዝር ተኩል፣ ከሁለት ጣት ጋር። በስልክ ነገርነው። ሰዒድ ዱባይ ሱቅ ውስጥ ቆሞ በራሱ እጅ ለክቶ፣ “ልክክ ይላል፣ ኢንሻአላህ” ብሎ ገዛ። እናንተዬ፣ የእኔ እጅ የሴት ጓንት እንኳ የሚሰፋው ትንሽ እጅ ነው። ሰዒድ ደግሞ ጉርምስናውን በአዲ አርቃይ ቁልቁለት የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታ ነው የጨረሰው። መዳፉ አካፋ ነው! የእሱ ስንዝር ተኩል የእኔን ሁለት ስንዝር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

እቃው መጣ። እንዴት ያምራል! መዳቡ ያብረቀርቃል፣ ሦስቱ ፋኖች እንደ ሚዜ ተደርድረዋል። ካርዷ ላይ ገጠምነው። ከዚያ ካርዷን ሣጥኑ ውስጥ ልንከት ብንል… ጭራው ውጭ ቀረ። ገልበጥ አደረግነው፣ በአግድም ሞከርነው፣ ጌቾ በእንግሊዝኛ ለመነው። አይገባም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

የብረት በር የሚበይድ ጎረቤት ነበረኝና ሣጥኑን ተሸክመን እሱ ዘንድ ሄድን። በፊት ለፊቱ መስኮት ቆረጠለት። ማቀዝቀዣው በዚያ መስኮት አንገቱን አስግጎ ወጣ። ደግሞ ከክብደቱ የተነሣ ካርዷን ይዟት ወደ ታች ሲጎብጥ፣ ከሥር የወለቃ የሸክላ አንበሳ ደገፍንለት። በጎንደር ውስጥ መስኮት ያለው፣ አንበሳ የሚጠብቀው ኮምፒዩተር የእኔ ብቻ ነበር። አላፊ አግዳሚው እየገባ ያየው ጀመር።

ግን ሠራ! ማንም ምን ቢል ሠራ። ሦስቱ ፋኖች ሲነሡ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ደረሰኝ ሁሉ በረረ። ቅበላ ዋዜማ ላይ ነን፤ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፊልሙን አስጀመርኩና ከጌቾ ጋር ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። የማሽኑ ድምፅ የለም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እትዬ የሺ በኩራት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ ኮምፒዩተሬ ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

“እትዬ! ምን አደረጉት?”

“ምነው? ሆዱን ገልጣችሁ በሰው ፊት ስታቆሙት አታፍሩም? እኔ ነኝ ያለበስኩት። የገዛ እጄ ሥራ ነው።”

“መተንፈሻውን እኮ ነው የሸፈኑት!”

“ቴሌቪዥኔ ስንት ዘመን ለብሶ ኖረ! ምን ሆነብኝ?”

ማልቀስ ነው የቀረኝ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጥቶ ነበር። ዳንቴሉን ገለጥኩና ካርዷን በካርቶን አራገብኳት። የሠርጉን ቀረጻ የያዝኩባቸውን የካሜራ ሚሞሪዎች አጥፍቼ ሌላ ሠርግ ቀርጬባቸዋለሁ፤ ያ ሠርግ ያለው በዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ። ተነሣ! ዳንቴሉን አጣጥፌ ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ እትዬ የሺ ደግመው እንዳያለብሱት። ወይዘሮ አትጠገብ ጋ ሲደርስ ጌቾ ቆመ፣ እኔ ቆምኩ፣ እትዬ የሺም ተነሡ። አበባው ዘነበ፣ እርግቦቹ በረሩ፣ ፋኖቹ ጮኹ… አለፈ! ጌቾ እልል አለ። ወንድ ልጅ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እሑድ የእትዬ የሺ ሳሎን ጢም አለ። ነገ ጾም ነው፣ ሰው ሁሉ እንደ መጨረሻ ቀን ይበላል። የማዶዎቹ ቪዲዮ እንዳልደረሰ ተረጋግጧል። እትዬ የሺ ከቦታቸው ሆነው “የእነዚያስ ገና ነው አሉ!” እያሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለገባ ለወጣው ይናገራሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ከነዘመዶቻቸው ፊት ለፊት፣ ስክሪኑ ሥር እንዲቀመጡ ተደርጓል። በክብር!

ፊልሙ ተጀመረ። ሙሽሪት በግንቡ መስኮት ብቅ አለች፤ ሰው “ደግ ነው” አለ። ደመና ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ሥጋውን ቆረጠ። ቀጥሎ ወይዘሮ አትጠገብ መጡ። ጽጌረዳው ይወርድ ጀመር፣ እርግቦቹ ዞሩ፣ ኮከቡ ተበተነ፣ በዚያ ሁሉ አበባ መካከል አንድ የማይታይ ትከሻ አበባውን ያንቀጠቅጠዋል። ሳሎኑ ውስጥ የሚያኝክ ሰው እንኳ የለም።

ወይዘሮ አትጠገብ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኔ ወደ በሩ ተጠጋሁ፣ ለማምለጥ። ሴትዮዋ ግን ያለቅሳሉ!

“የሺዬ! እኔን ነው እንዲህ ያከበርሽኝ? ለሙሽሮቹ ያላደረግሽውን ለእኔ? አበባ እኮ በቁሜ ማንም አንሥቶ ሰጥቶኝ አያውቅም!” ብለው እትዬ የሺ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ከዚያ እልልታው! የዳባት ዘመድ በሙሉ ተነሣ። “ድገመው! ድገመው!” ተባለ። ደገምኩት። የእትዬ የሺ እህት፣ እኒያው፣ ስክሪኑ ላይ ሽልማት ሊለጥፉ ተነሡ።

ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው እትዬ የሺ ራሳቸው ነበሩ። አማታቸውን ሲያስለብሱ የራሳቸውን ምስል ረስተውት ኖሯል፤ አበባ የለ፣ እርግብ የለ፣ ኮከብ የለ። ጉርሻ አፋቸውን ሞልቶት፣ አንድ ጉንጫቸው ወጥቶ፣ በእጃቸው “አታንሣኝ” እያሉ። አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ለወጠው።

እትዬ የሺ ፈገግታቸው ሳይጠፋ፣ ለሰው ሁሉ እጅ እየነሡ፣ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

“ሸፍናት አልኩህ እንጂ አንግሣት አልኩህ?”

“እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እኮ ‘ጨምር፣ ጨምር’ ያሉኝ…”

“ዝም! አሁን እኔም ላይ አዝንብ። ከእሷ በላይ ይሁን። ጉርሻዬ እስኪጠፋ፣ ፊቴ እስኪጠፋ አልብሰኝ!”

“ማሽኑ አይችልም እትዬ። ሦስቱም ፋን እዚያው ወይዘሮ አትጠገብ ላይ ነው ያለቁት።”

ከሳሎን ሦስተኛው “ድገመው!” ተሰማ። እትዬ የሺ ወደዚያ አንድ ጊዜ አዩ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

“ባለ አራት የለም?”